የሻገተ የቀለም ጠርሙስ ታጥቦ ዳግም ያገለግላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ብዕር ቀለም ጠርሙስ ሆነው አገኘኋቸው፤ ደስም አለኝ። ወፍራም መስታወት፣ ሰፊ አፍ፣ ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ እንዲሁ በዋዛ አይጣልም። ሻጋታ የገባበትን ግን በውሃ አለቅልቆ አዲስ ቀለም መገልበጥ አዲሱንም ማበላሸት ነው።

ለብዙ ጊዜ ሳልከፍተው የቆየ ሰማያዊ ቀለም አለኝ። አሁን ስከፍተው አንድ ነገር ተንሳፎበት አየሁ። ሻጋታ ነው ወይስ ቀለሙ ዘቅጦ?

በንጹሕ ስንጥር ነካ ያድርጉት። ሻጋታ እንደ ወተት ስልባቦት ላዩ ላይ ይጋረዳል፤ ሲያነሱት ተያይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴም እንደ ክር ይንጠለጠላል። ዝቃጭ ግን ታች ይተኛል፣ ጠርሙሱን ሲነቀንቁት ይበተናል። የብረት ጨው ያለባቸው ቀለሞች አየር ሲያገኛቸው ጥቁር ዝቃጭ ስለሚያወጡ እነሱን በሻጋታ አይጠርጥሯቸው። በጠረኑ ብቻ አይፍረዱ። ቀለም እንዳይበላሽ የሚጨመሩት ኬሚካሎች ራሳቸው ይሸታሉ፤ ሻጋታ የተጠረጠረበትን ጠርሙስ ደግሞ አፍንጫ ሥር አስጠግቶ ማሽተት ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ሻጋታውን አጥልዬ ቀለሙን ብጠቀምበትስ?

አይሆንም። በዓይን የሚታየው ድር ቢወገድም ዘሩ ይቀራል። የሻጋታ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ብቻ ስለሆነ በቡና ማጥለያ ወረቀት ሾልኮ ያልፋል። ሻጋታ መብቀሉ ራሱ የመከላከያው ኬሚካል መድከሙን ይነግርዎታል። ቀለሙን ይድፉት፣ ጠርሙሱን ያትርፉት።

እሺ፣ ጠርሙሱን በምን ልጠበው?

መስታወት ከሆነ በበረኪና። መጀመሪያ ግን ቀለሙ ጨርሶ ይውጣ። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ በረኪና ያፈስበታል፤ በረኪናው ኃይሉን ከቀለሙና ከእድፉ ጋር ሲታገል ይጨርስና ሻጋታው ጋ ሲደርስ ደክሞ ይገኛል። የብረት ጨው ያለበት ቀለም ከነበረማ አስቀድሞ ማጠቡ ግዴታ ነው፤ ቀለሙ አሲድ ስላለው ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ከዚያ 1 እጅ ተራ የቤት በረኪና በ9 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡና ጠርሙሱን እስከ አፉ ጢም አድርገው ይሙሉት። ክዳኑ የሚዞርበት የአንገቱ ጥርስም መነከር አለበት፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከ10 ደቂቃ አያሳንሱት፣ ግማሽ ሰዓትም ቢቆይ አይጎዳም። የተበጠበጠ በረኪና ቶሎ ስለሚደክም ለሌላ ቀን አያስቀምጡት።

ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከአሞኒያ ወይም ከአልኮል ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። ብዕር ለማጠብ የሚዘጋጁ ፈሳሾች ብዙዎቹ አሞኒያ አለባቸው፤ ጠርሙሱን በእነሱ አጥበው ከነበረ በረኪናው ከመግባቱ በፊት ደጋግመው ያለቅልቁት።

ሲጨርሱም ማለቅለቁን አይሰልቹ። የቀረች የበረኪና ጠብታ የአዲሱን ቀለም መልክ ታደበዝዛለች። የመጨረሻውን ዙር በተጣራ ውሃ ያድርጉትና ያለ ክዳን፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያንጠፍጥፉት። ኋላም አቅንተው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ውስጡ ላይ ጤዛ እያለ አይክደኑት።

በረኪና አልወድም። ብቀቅለውስ?

መስታወቱን መቀቀል ይቻላል፤ ፕላስቲክን አይሞክሩት። የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ካፈሰሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ምግብ በማይሠሩበት ድስት፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ጀምረው ቀስ እያሉ ያሙቁት። ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይና እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሌላው አማራጭ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱን ከድነው አይተዉት።

አልኮል አይበቃም?

ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። በ70 በመቶው ውስጥ ያለው ውሃ አልኮሉ ወደ ሕዋስ እንዲገባ ስለሚረዳው ከ99 በመቶው ይሻላል፤ ሆኖም ዘሩ ሁለቱንም ሊቋቋም ይችላል።

ሁለት ጊዜ በበረኪና አጥቤዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ አዲሱ ቀለም ሻገተ። ምን በድዬ ነው?

ጥፋቱ የጠርሙሱ አይመስለኝም። ክዳኑን ገልብጠው ይዩት። ውስጡ የካርቶን ወይም የስፖንጅ ክብ ካለው ቀለም ጠጥቶ፣ እርጥበት ይዞ፣ ሻጋታውን ያቆየው እሱ ነው። የካርቶን ልባስ ታጥቦ አይጸዳም፤ ፈልቅቀው ይጣሉትና ከንጹሕ ፕላስቲክ በልኩ ቆርጠው ይተኩት። ክዳኑን ራሱን ከጠርሙሱ ጋር በበረኪናው ይንከሩት።

ከዚያ ብዕርዎን ይጠርጥሩ። ከሻገተው ቀለም የሞሉት ብዕር ዘሩን በቀለም መተላለፊያ ቦዩ ይዞ ይዞራል፤ አዲሱ ጠርሙስ ውስጥ በተነከረ ቁጥርም ያራግፋል። ቦዩን ከጫፉ ለያይተው ይጠቡ። በዚያው በቀጠነ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ማለፍ ይቻላል፤ ብረቱን ስለሚበላ ግን አያሳድሩት፣ ወዲያው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። አልኮል ብዕር ላይ አያድርጉ፤ አክሪሊክና ሴሉሎይድ አካልን ይጎዳል።

ቀለሙ ሲያልቅብኝ ከቧንቧ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ችግር አለው?

አለው። ውሃው መከላከያውን ያቀጥነዋል፣ አዲስ ዘርም ሊያስገባ ይችላል። ማቅጠን ከፈለጉ ለጊዜው የሚበቃዎትን ያህል በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው፣ በተጣራ ውሃ ያቅጥኑት፤ ዋናውን አይንኩት።

የታጠበውን ጠርሙስ ቅመም ላስቀምጥበት?

ቀለም የያዘ ዕቃ ምንም ቢታጠብ ወደ ጓዳ አይግባ።

ታጥቦ ደርቋል። ሙሉ ጠርሙስ ቀለም ልገልብጥበት?

በአንዴ አይሙሉት። ለመሞከሪያ ትንሽ ያድርጉበትና ይክደኑት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከፍተው የቀለሙን ላይና የክዳኑን ውስጥ በብርሃን ይመርምሩ። ምንም ካልታየ የቀረውን ይጨምሩ።