አስከሬን ሳይገኝ እናቴን ምን ልበላት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ ነው። ታናሽ እህቴ ከጠፋች አሥራ አንድ ወር ሆናት። ለሥራ እንደወጣች አልተመለሰችም ተባልን። ፖሊስ መጀመሪያ የመዘገባት የጠፋ ሰው ብሎ ነበር። ባለፈው ወር ግን ከቤተሰቡ ጋር የምትገናኘዋ ፖሊስ ቤቴ መጥታ፣ «ከእንግዲህ ጉዳዩን የምንመረምረው እንደ ግድያ ነው» አለችኝ። አስከሬን አልተገኘም። ባለቤቷ ተይዞ ነበር፤ በዋስ ተለቋል። ክስም የለበትም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። እስካሁን «ስልኳ ተበላሽቶ ነው»፣ «ሥራ በዝቶባት ነው» እያልን ነው የያዝናት። በየቀኑ ትደውላለች። አንዷ አክስቴ መርዶው ይነገርና ለቅሶ እንቀመጥ ትላለች። ሌላዋ በቁም ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ ትቆጣለች። በዚህ ላይ ከባለቤቷ ወገን ሽማግሌ ተልኮብኛል። የምንሳለመው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ስሙ እየጠፋ ነው፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ይላሉ። ለመሆኑ አስከሬን ሳይገኝ ተገደለች ይባላል? እናቴንስ ምን ልበላት?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሥራ አንድ ወር ይህን ተሸክመሽ የእናትሽን ስልክ ማንሳትሽ ራሱ ከባድ ነው።

አዎ፣ ይባላል። ፖሊስ እዚህ ላይ የሚደርሰው ሰውዬው በሕይወት ስለመኖሩ ምልክት ፈልጎ ሲያጣ ነው። ባንኳ አልተነካም፣ ስልኳ ዝም ብሏል፣ ፓስፖርቷ ድንበር አላለፈም፣ ሐኪም ቤት አልታየችም። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ሄለን ማኮርት የምትባል የ22 ዓመት ወጣት ከሥራ ስትመለስ ጠፋች። አስከሬኗ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደሟ ግን በአንድ ሰው መኪና ውስጥ ተገኘ፤ ሰውየው በ1989 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የት እንዳደረጋት ሳይናገር በ2022 ሞተ። እናቷ ማሪ ባደረገችው ትግል በ2020 አዲስ ሕግ ወጣ፤ እስረኛ በአመክሮ ይፈታ አይፈታ የሚወስነው ቦርድ ገዳይን ከመልቀቁ በፊት አስከሬኑ ያለበትን አለመናገሩን ከግምት እንዲያስገባ ያስገድዳል። ይህን የምነግርሽ ለማስፈራራት አይደለም። አስከሬን አለመኖሩ ብቻውን ፍትሕን እንደማያስቀር እንድታውቂ ነው።

ሽማግሌዎቹን በትሕትና መልሺያቸው። ሽምግልና ለተጣላ ነው፤ እናንተ አልተጣላችሁም፣ ሰው ጠፍቶባችኋል። ነገ አንቺም እነሱም ምስክር ልትሆኑ ትችላላችሁ። «ፖሊስ ይዞታል፣ የምታውቁት ካለ ለእነሱ ንገሩ» በያቸው። መምጣታቸውንም ለዚያች ፖሊስ አሳውቂ። የእህትሽን መልእክቶች፣ የድምፅ ቅጂዎች አንዱንም አታጥፊ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ «እሱ ነው የገደላት» ብሎ መጻፍም ይቅር፤ ሰው ከተያዘ በኋላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ችሎት መድፈር ተብሎ ሊያስከስስ፣ ፍርዱንም ሊያበላሽ ይችላል። ልብሽ እንደሚነድ አውቃለሁ። ግን ይቅር።

አሁን ወደ እናትሽ። ሁለቱም አክስቶችሽ ከፍቅር ነው የሚናገሩት፤ እኔ ግን ከሁለቱም ጋር አልስማማም። መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ እናንተ ዘንድ ያለቀ ነገር የለም። ዝምታውም ደግሞ ከእንግዲህ አያስኬድም። ወሬው በጎረቤት ስልክ ሳይደርሳት ከልጇ አፍ ትስማው። የፍትሐቱን ነገር ለንስሐ አባታችሁ ተዉት።

አነጋገሩ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ማለዳ በር ከተንኳኳና ነጠላ የዘቀዘቁ ሰዎች ከገቡ፣ ቃል ሳይወጣ እናት ነገሩን ጨርሳ ታውቀዋለች። ስለዚህ በማለዳ አይሁን። ከሰዓት በኋላ የምትወዳት አክስትሽና የንስሐ አባቷ ብቻ ይሂዱ። የደም ግፊት ካለባት መድኃኒቷን መውሰዷን ያረጋግጡ። አንቺ በቪዲዮ ግቢ፤ ቃሉን የምትናገሪው ራስሽ ነሽ።

«እማዬ፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ ይቅር በይኝ። ከጠፋች አሥራ አንድ ወሯ ነው። አልተገኘችም። ፖሊስ ሰው ገድሏታል ብሎ ያስባል፤ እየመረመሩ ነው» በያት። ትጮህ ይሆናል፣ አላምንም ትል ይሆናል። ስልኩን አትዝጊ።