ሰርቨሩ አለ፣ ግን ያስገባኛል?

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም አለኝ። ግራፊክ ማሳያ ካለ መስኮት እንዲከፍት፣ ከሌለ በተርሚናል እንዲሠራ እፈልጋለሁ። አሁን የፕሮሰሶችን ዝርዝር እያየ «ኤክስኦርግ» (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው የኤክስ ሰርቨር) የሚል ስም ይፈልጋል። አንዳንዴ ይሳሳታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚሁ ዘዴ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ሌሊት ሌሊት በክሮን (ሥራን በተቀጠረ ሰዓት በሚያስነሳው የሊኑክስ አገልግሎት) የሚነሳ ፕሮግራም ነበረኝ። ዝርዝሩን ያያል፣ ኤክስኦርግን ያገኛል፣ መስኮት ልክፈት ሲል ይሞታል። ጠዋት ሪፖርት የለም። ሰርቨሩ እኮ እየሠራ ነበር! ክሮን ግን ዲስፕሌይ የሚባለውን፣ የሰርቨሩን አድራሻ የሚይዘውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አይሰጠውም፤ ፕሮግራሜ የት እንደሚያንኳኳ አላወቀም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በኤስኤስኤች ኤክስ ፎርዋርዲንግ (የሩቅ ማሽን ፕሮግራም መስኮቱን በእርስዎ ስክሪን ላይ በሚከፍትበት መንገድ) ሲገቡ ፕሮግራሙ ያለበት ማሽን ላይ ኤክስኦርግ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። መስኮቱ ግን እርስዎ ፊት ይከፈታል።

ስለዚህ ስም ፍለጋውን ይተዉትና በሩን ያንኳኩ። ከኤክስ ሰርቨር ጋር በሚያገናኘው የሲ ላይብረሪ በኤክስሊብ ውስጥ «ኤክስ ኦፕን ዲስፕሌይ» የሚባል ፈንክሽን አለ። ነል (ባዶ ፖይንተር) ሰጥተው ይጥሩት፤ አድራሻውን ራሱ ከዲስፕሌይ ያነባል። ነል ከመለሰ መግባት አልተቻለም። ሌላ ነገር ከመለሰ ገብተዋል፤ ለፍተሻ ብቻ ከነበረ «ኤክስ ክሎዝ ዲስፕሌይ» ብለው ይዝጉት። ሰርቨሩ የሌላ ተጠቃሚ ሆኖ ፈቃድ ቢከለክልዎም መልሱ ያው ነል ነው።

ቫሪያብሉን ብቻ ማየትስ? ይፈጥናል፣ ግን ይዋሻል። ቲሙክስ (ተርሚናሉ ቢዘጋም ሼልን የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ የቆየ ሼል ትናንት የተዘጋውን ዲስፕሌይ ዛሬም ይዞ ይጠብቅዎታል። በቴምፕ ፎልደር ስር ያለው፣ ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙበት የሶኬት ፋይልም ሰርቨሩ ድንገት ሲሞት ሊቀር ይችላል። አንኳኩቶ ማየት ግን አንድ ችግር አለው፦ ዲስፕሌይ ወደማይመልስ ሩቅ ማሽን ካመለከተ ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ሊቀር ይችላል።

ኤክስን የሚተካውን አዲሱን የማሳያ ሥርዓት፣ ዌይላንድንም አይርሱ። ብዙ ጊዜ ኤክስዌይላንድ (በዌይላንድ ላይ የሚሠራ የኤክስ ሰርቨር) ስላለ የኤክስ ፕሮግራም ይሠራል። እሱ ከሌለ ግን ስክሪኑ ፊትዎ እያለ ነል ያገኛሉ። ፕሮግራምዎ ዌይላንድን የሚችል ከሆነ መጀመሪያ የዌይላንዱን «ዲስፕሌይ ኮኔክት» ይሞክሩ፤ እሱም ካልተሳካለት ነል ይመልሳል።

የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪውን ጂቲኬ 3 ወይም 4 ከተጠቀሙ ሥራው ቀሏል፦ «ኢኒት ቼክ» የሚለው ፈንክሽን ማሳያ ሲያጣ ፕሮግራሙን ሳይገድል «ፎልስ» ይላል። ሌላው መሰል ላይብረሪ ኪውት ግን ትዕግሥት የለውም፣ ፕሮግራሙን እዚያው ያቋርጠዋል። ፍተሻውን የአፕሊኬሽን ኦብጀክቱን ከመፍጠርዎ በፊት ይጨርሱ።

እኔ በመጨረሻ ለክሮኑ «መስኮት አትክፈት» የሚል የትእዛዝ መስመር አማራጭ ጨመርኩለት። እዚያ ማንም ቁጭ ብሎ ስክሪን አያይም።