ጥያቄና መልስ፦ ኤሲ፣ ሴንሰርና የመብራት ሂሳብ በአዳማ ሕንፃዎች

ጥያቄዎቹ የመጡት አዳማ ውስጥ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸውን ቢሮዎችና ሆቴሎች ከሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ኤሲውን 22 ላይ ስናደርገው ሂሳቡ አይቻልም፤ 27 ስናደርገው ሠራተኛው ያጉረመርማል። የት ላይ ይቁም?

መልስ፦ 25 ላይ ይጀምሩና የጣሪያ ቬንትሌተር ይጨምሩበት። ሰው ላይ የሚደርሰው ነፋስ በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማ ከሆነ 27 ዲግሪ እንደ 25 ይቀላል። ቬንትሌተር ከ50 እስከ 75 ዋት ይበላል፤ የ12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ግን ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ሲሠራ ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ከ25 ወደ 27 የሚወጡትም በየሳምንቱ ግማሽ ዲግሪ እየጨመሩ ነው።

ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ሙሉ በሙሉ አይቆልፉት። አንድ ዲግሪ ወደ ላይ፣ አንድ ዲግሪ ወደ ታች ለሠራተኛው ይተዉለት። የተቆለፈበት ሰው ትኩስ ሻይ ከሴንሰሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ኤሲውም ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞስታትም የሚለካው ክፍሉን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ፣ ከወለል 1.2–1.5 ሜትር ላይ ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ የስብሰባ አዳራሹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር 820 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 820) ያሳያል፤ ንጹህ አየር የሚያስገባው ቬንትሌሽን የሚነሳው 1,000 ላይ ነው። ሰው ግን እያዛጋ ነው።

መልስ፦ ከፍታውን አስገብታችኋል? አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሴንሰሩ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከቀረ ያንኑ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ 820 ያላችሁ እውነቱ 1,000 ነው። በሜኑው ውስጥ ከፍታ 1,700፣ ወይም ግፊት 825 ሄክቶፓስካል አስገቡ። ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሳምንቱን ዝቅተኛ ንባብ እንደ ውጭ አየር ይቆጥረዋል። ማታ ባዶ የሚሆን ቢሮ ላይ ችግር የለውም፤ ሌት ተቀን ሰው በማይለየው የሆቴል እንግዳ መቀበያ ግን ያሳስተዋል፤ እዚያ ራሱን ማስተካከሉን አጥፉት።

ጥያቄ፦ መጸዳጃ ቤት ሰው ተቀምጦ መብራቱ ይጠፋል።

መልስ፦ ሴንሰሩ የሚያየው እንቅስቃሴን ነው፤ በር ከጋረደው አያይም። ማቆያውን 15 ደቂቃ አድርጉት። የ9 ዋት አምፖል አሥር ደቂቃ ቢጨምር 1.5 ዋት-ሰዓት ነው፤ ለዚህች ብለን ሰው ላይ አናጨልምም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዋናው ብሬከር ይወድቃል።

መልስ፦ ኮምፕረሰሮቹ ሁሉ እኩል ስለሚነሱ ነው። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ቀስ በቀስ የሚጨምር መቆጣጠሪያ) የሌለው ኮምፕረሰር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። የመጀመሪያው ፎቅ ከ3 ደቂቃ በኋላ፣ ቀጣዮቹ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ይነሱ። ከ3 ደቂቃ አታሳንሱ፤ በጋዙ መስመር ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ኮምፕረሰሩ ከተነሳ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ኤሲው በእኩለ ሌሊት ይነሳል፤ ቀትር ላይ ግን ሠራተኛው ቢሮ እያለ ይጠፋል።

መልስ፦ ሴንሰሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ። ጠዋት 1:30 እንዲነሳ ብሎ 01:30 የጻፈ ሰው ሌሊት 7:30 ላይ ነው ያስነሳው፤ መቆጣጠሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 07:30 ይጻፍ። ማጥፊያውም እንዲሁ፤ ማታ 12 ሰዓት የሚጻፈው 18:00 ተብሎ ነው። በዓላቱንም በእጅ ማስገባት አለባችሁ፤ ከፋብሪካው ሲመጣ መስከረም 1ን አያውቅም።