ዛንታን ትንሽ ሲጨመርበት ሎሽኑ ለምን ባሰበት?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ብዙ ሰው ስለመለሰልሽ ዝም ልል ነበር። ግን አብዛኛው «ኢመልሲፋየር ጨምሪበት» ነው የሚለው፤ ዘይትና ውሃ አብረው እንዲቆዩ የሚያደርገውን ማለት ነው። እኔ ደግሞ በአንቺው ስህተት አንድ በርሜል ሙሉ ሎሽን ለጥቂት ስላልደፋሁ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኋላ ለሚያነቡ ነገሩን ላስታውስ። 500 ግራም ሎሽን ሠራሽ። 100 ግራሙ ዘይት ነው፦ 60 ሰሊጥ፣ 40 ኮኮናት። ኢመልሲፋየሩ ትዊን 80 ብቻ፣ 20 ግራም። ቀሪው ውሃ፣ ትንሽ ግሊሰሪንና ፕሪዘርቫቲቭ። የመጀመሪያው በስምንተኛው ቀን ላይና ታች ሆኖ ተከፈለ። ሁለተኛውን እንዲወፍር ብለሽ ግማሽ ግራም ዛንታን ጋም ጨመርሽበት። እሱ ጭራሽ በማግስቱ ከታች ውሃ ሆነ። «ትዊኑን ልጨምር ወይስ ዛንታኑን ልተወው?» ነው ያልሽው።

አጭሩ መልስ፦ ዛንታኑን አትተዪው፣ አብዢው። ትዊኑን ደግሞ አትጨምሪ። እንዲያውም ቀንሺና ጓደኛ ፈልጊለት።

ፎቶሽን አጉልቼ አየሁት። ላዩ ወፍራም ነጭ ነው፣ ታቹ የሩዝ ውሃ ይመስላል። ቢጫ ዘይት ግን የትም የለም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከላዩ በማንኪያ ጫፍ ውሰጂና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጊው። እንደ ወተት ከተበተነ የዘይት ጠብታዎቹ ደህና ናቸው፤ ተሰብስበው ወደ ላይ ወጡ እንጂ አልፈረሱም። ሾርባ ላይ እንደሚታየው ክብ ክብ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን ጠብታዎቹ እርስ በርስ ተዋህደዋል፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ያንቺ ተሰብስቦ የወጣው እንጂ የተዋሃደው አይመስለኝም። ትዊን መጨመር ያልታመመውን ቦታ ማከም ነው።

ሰርፋክታንትና ፖሊመር ሥራቸው ለየቅል ነው። ትዊን ሰርፋክታንት ነው። አንድ ጫፉ ዘይት ይወዳል፣ ሌላው ውሃ። ስለዚህ የዘይት ጠብታው ገጽ ላይ እንደ ቆዳ ሆኖ ይቀመጣል። በብሌንደር ስትመቺው ዘይቱ ቶሎ እንዲደቅ ይረዳል፤ ከዚያ ጠብታዎቹ ተጋጭተው እንዳይዋሃዱ ይከላከላል። ዛንታን ግን ፖሊመር ነው፤ የጠብታው ቆዳ ላይ አይቀመጥም። ውሃው ውስጥ የሚዘረጋ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሥራው ውሃውን ማወፈርና ጠብታው እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነው።

ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ሁሌም ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል። የሚወጣበት ፍጥነት በጠብታው መጠን ይወሰናል፤ ያውም በስኩዌር። ጠብታው አሥር እጥፍ ሲተልቅ ፍጥነቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። በተራ ውሃ ውስጥ 10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ስፋት ያለው የዘይት ጠብታ በሰዓት አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ ይወጣል። የ1 ማይክሮኑ በቀን 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሱቅ የምትገዢው ሆሞጂናይዝድ ወተት ክሬሙ የማይንሳፈፈው፣ የቤት ላም ወተት ግን አድሮ የሚንሳፈፍበት ምክንያት ይኸው ነው።

እሺ፣ ዛንታን ካወፈረው በትንሹም ቢሆን ማዘግየት አልነበረበትም? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ትንሽ ፋብሪካ እሠራ ነበር። 200 ኪሎ ሎሽን እያዘጋጀን ሳለ ዛንታን አለቀ። መግባት የነበረበት ግማሽ ኪሎ ነው፤ የቀረው 150 ግራም ብቻ። «ከምንም ይሻላል» ብዬ ጨመርኩት። ጠዋት የበርሜሉን የታች ቧንቧ ስከፍት ውሃ መሰል ነገር ፈሰሰ። ላዩ እንደ ክሬም ቆሟል። ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ዛንታኑ ከመግባቱ በፊት ለናሙና የቀዳሁት ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ንክች አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቀን መርካቶ ውስጥ ጆንያ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲደርሱ አስቢ። በመሃላቸው ሰው የማያሳልፍ ጥበት ሲፈጠር፣ ከዳር ያለው ግፊያ ያጣብቃቸዋል፤ ከመሃል መልሶ የሚገፋ የለማ። የዛንታን ሰንሰለትም ትልቅ ስለሆነ ሁለት ጠብታዎች ሲቀራረቡ በመሃላቸው አይገባም። ከውጭ ያለው ይገፋቸዋል፣ ይጣበቃሉ። አይዋሃዱም፣ ግን እንደ ወይን ዘለላ ይሰበሰባሉ። ዘለላው ደግሞ እንደ አንድ ትልቅ ጠብታ ነው የሚወጣው። ያ የስኩዌር ሒሳብ እዚህ ጋ ይመጣል። ይህን አይነቱን ግፊያ አሳኩራና ኦሳዋ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1954 በስሌት አሳይተውታል። እኔ ግን ከቧንቧው ነው የተማርኩት።

ግማሽ ግራም በ500 ማለት 0.1 ፐርሰንት ነው። ለማጣበቅ ይበቃል፣ ለመያዝ አይበቃም። ወደ 0.3 ወይም 0.4 ሲደርስ ውሃው ራሱ መረብ ይሆናል። ዘለላዎቹ እዚያው ናቸው፤ የሚወጡበት መንገድ ነው የተዘጋው። እኛም የጎደለውን ዛንታን ስናገኝ በግሊሰሪን በጥብጠን ጨመርነው፣ ቀስ ብለን አማሰልነው፣ በርሜሉ ዳነ። ያንቺም አይደፋ። ከ1 እስከ 1.5 ግራም ዛንታን በ10 ግራም ግሊሰሪን በጥብጪና ጨምሪበት። ከፍተሽ የነካካሽው ስለሆነ ግን ለሰው አትሽጪው፤ ለሙከራ ይሁንሽ። ዛንታኑን በደረቁ ውሃ ላይ እንዳትነሰንሺው ደግሞ። እንደ ገንፎ ዱቄት ጓል ይሠራል፤ ጓሉም ቶሎ አይፈታም።

አሁን የመጀመሪያው ሎሽንሽ ለምን በስምንት ቀን ተከፈለ? ያለ ዛንታንም መከፈሉ ጠብታዎችሽ ተለቅ ያሉ መሆናቸውን ያሳያል። እዚህ ላይ ኤች.ኤል.ቢ የሚባለው ቁጥር ይጠቅማል። ዊልያም ግሪፈን እ.ኤ.አ. በ1949 ለኢመልሲፋየሮች ያወጣው መለኪያ ነው። ከ0 እስከ 20 ይሄዳል፤ ከፍ ሲል ውሃ ወዳድ፣ ዝቅ ሲል ዘይት ወዳድ። ትዊን 80 ቁጥሩ 15 ነው። እንደ ሰሊጥና ኮኮናት ያለ ዘይት ውሃ ውስጥ እንዲቆም የሚፈልገው 7 ወይም 8 አካባቢ ነው። (ጉሎ ዘይት የምትጠቀሙ ተጠንቀቁ፤ እሱ 14 ገደማ ይፈልጋል።) ስፓን 80 የሚባለው ሌላ ኢመልሲፋየር ደግሞ 4.3 ነው። 7 ግራም ትዊንና 13 ግራም ስፓን ስትቀላቅዪ 8 ይመጣልሻል። ድምሩ ያው 20 ግራም ነው። ሁለቱ አብረው ጠብታው ላይ ጥቅጥቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ትዊን ብቻውን የሚተወውን ክፍተት ስፓን ይሞላዋል። ይህ ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ስንት ግራም እንደሚያስፈልግሽም አይነግርሽም። እሱን በሙከራ ነው።

ስፓኑን ዘይቱ ውስጥ፣ ትዊንና ዛንታኑን ውሃው ውስጥ አድርጊ። ሁለቱንም 70 ዲግሪ አድርሺና ዘይቱን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። በእጅ ብሌንደር ሦስት ደቂቃ ያህል ምቺው። ጭንቅላቱ ከፈሳሹ አይውጣ፤ አየር ከገባበት አረፋው ለቀናት አይለቅሽም።

ትዊን ማብዛት ሌላም ጣጣ አለው። ጠብታው ላይ ቦታ ያጣው ትርፍ ውሃው ውስጥ ተቧድኖ ማይሴል ይሠራል። ማይሴሉም እንደ ዛንታኑ ከውጭ እየገፋ ጠብታዎቹን ያጣብቃል። ፕሪዘርቫቲቭሽ ፓራቤን ከሆነ ደግሞ ማይሴሉ ውስጥ ይሸሸግና ጀርም መግደሉን ይተዋል። ይሄ ከመከፈል የባሰ ነው፤ በዓይን አይታይማ።

ኮኮናቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከሆንሽ ቀንሺው። 24 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚረጋው፤ የእኛ ሌሊት ከዚያ በታች ነው። ጠብታው ውስጥ የረጋ ስብ እንደ መርፌ ወጥቶ የጎረቤቱን ቆዳ ሊወጋ ይችላል፤ ከዚያ ይያያዛሉ። ቅቤ ስንንጥ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሎሽን ላይ ግን አንፈልገውም። 60/40 ያልሽውን 85/15 አድርጊው።

ከላይ አንዷ እህታችን «በዛንታን ፋንታ ተልባ» ብላለች። የተልባ ልጋግም ፖሊመር ነው፣ ያወፍራል። ግን ውፍረቱ በየጊዜው ይለያያል፣ በቀናት ውስጥም ይበላሻል። ለራስሽ ፀጉር ዛሬ ሠርተሽ ዛሬ መቀባት ይቻላል፤ ለሽያጭ አልመክርም። የግራር ሙጫ ግን ለየት ይላል። ሰንሰለቱ ላይ ጥቂት ፕሮቲን ስላለ እንደ ሰርፋክታንት ጠብታው ላይ ይቀመጣል። ፋርማሲ የተማረ ሰው 4፣ 2፣ 1 ሲባል ያውቃል፦ ዘይት፣ ውሃ፣ ሙጫ። ችግሩ ብዙ መፈለጉ ነው፤ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ኮንዲሽነር ልትሠሪ ካሰብሽ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ ባለበት ኮንዲሽነር ላይ ለማወፈሪያ ካርቦመር ጨምሬ አውቃለሁ። ሎሚ እንደተጨመቀበት ወተት ተቋጠረ። ሴትሪሞኒየሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ካርቦመሩ ኔጌቲቭ፤ ተያይዘው ይወርዳሉ። ዛንታንም ኔጌቲቭ ነው፣ እዚያ አታስገቢው። ትዊንና ስፓን ቻርጅ ስለሌላቸው ለዚህኛው ሎሽንሽ አትስጊ።

ቃሌን እንዲሁ አትመኚው። በድሮው ፎርሙላሽ አራት ትንንሽ ጠርሙስ ሥሪ፤ ዛንታኑ 0፣ 0.1፣ 0.2 እና 0.4 ፐርሰንት ይሁን። ሳታናውጪ አንድ ቦታ አቁሚያቸውና በየጠዋቱ የታችኛውን ውሃ በማስመሪያ ለኪ። 0.1ዱ ከባዶው ቀድሞ ካልተከፈለ ተመልሰሽ እዚሁ ውቀሺኝ።