«ለጊዜው» ማለት ስንት ዓመት ነው?

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሙያዬ ፋርማሲስት ነው። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። ከተዋወቅን አምስት ዓመት፣ ከተጋባን ደግሞ 14 ወር ሆኖናል። አሁን የምንኖረው ሁለታችንም ባልተወለድንበት አገር ሲሆን፣ ወደፊትም ከአሜሪካ ውጭ ለመኖር ከመጋባታችን በፊት ተስማምተናል። በቅርቡ ግን ባለቤቴ ‹የትዳር ቪዛ አሁኑኑ እናመልክት፤ ሦስት አራት ዓመት እዚያ ኖረን ዜግነት ከያዝሽ በኋላ የፈለግንበት እንሄዳለን› ማለት ጀመረ። እኔ ለፓስፖርት ብዬ አራት ዓመት ከሙያዬ መለየት አልፈልግም። በጉብኝት ቪዛ ሄድ መለስ ማለት ይበቃናል ባይ ነኝ። ቅጹን አብረን መሙላት ጀምረን ነበር። ያለፉትን አምስት ዓመታት አድራሻዎቼን ሲጠይቅ አራት ጻፍኩ፤ ሦስቱን የቀየርኩት የእሱን ሥራ ተከትዬ ነው። አሜሪካ ስገባ የምኖርበትን አድራሻ በሚጠይቀው ቦታ ላይ ግን እሱ የእናቱን ቤት ሞልቶ ጠበቀኝ። ምንድን ነው ስለው ‹ለጊዜው ነው› አለ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር እንጣላለን። እናቱ 78 ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የቪዛ ጥያቄ መሰለኝ። በሁለተኛው ንባብ ግን ዐይኔ መጨረሻ ላይ ጣል ካደረግሻት ዓረፍተ ነገር አልነቀል አለ፦ «እናቱ 78 ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ»። የጠባችን ምክንያት ናት አላልሽም፤ ሳትጽፊያትም ግን አላለፍሽም።

እስቲ ከዚያ ከተዘጋው ገጽ እንጀምር። ባለቤትሽ የእናቱን አድራሻ የጻፈው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንደኛው የሕግ ነው። ውጭ አገር የሚኖር አሜሪካዊ ለሚስቱ የገንዘብ ዋስትና ሲፈርም፣ መኖሪያው አሜሪካ መሆኑን ወይም ተመልሶ ሊኖር መዘጋጀቱን ማሳየት አለበት። እዚያ የራሱ ቤት የሌለው ሰው የወላጆቹን ቤት ቢጽፍ ምንም ሴራ የለበትም። ሁለተኛው የልብ ነው። ዜግነት ለአንቺ የሚደረግ ነገር ነው፤ እናቱን መጠጋት ግን ለራሱ የሚጠይቀው ውለታ ነው። በምክር ክፍሌ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሰው ለራሱ ከመለመን ይልቅ «ለአንቺ ብዬ ነው» ብሎ መከራከር እንደሚቀለው ነው። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም ምክንያቶች እውነት ናቸው፤ እሱ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው ከአፉ የሚያወጣው።

አንቺም ያልተናገርሽው አለ። አራት አድራሻ ጽፈሽ ሦስቱ የማን እንደሆኑ ቆጥረሽ ነግረሽኛል። ይህን ቆጠራ ለእሱ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ የነገርሽው አይመስልም። ለእሱ ያቀረብሽለት ክርክር ስለ ፓስፖርት ጥቅም ነው፤ ያስቆጣሽ ግን አምስተኛው አድራሻም ሳትጠየቂ ተሞልቶ መገኘቱ ነው። እሱ ስለ እናቱ ዝም ብሎ ስለ ዜግነት ያወራል፣ አንቺ ስለ ሦስቱ ቤቶች ዝም ብለሽ ስለ ጉብኝት ቪዛ ታወሪያለሽ። ሁለት ወር መጣላታችሁ ሲያንስ ነው።

ስለ ሙያሽ ያለሽ ስጋት መሠረት አለው፤ ባለቤትሽ አቅልሎት ከሆነ ተሳስቷል። ውጭ የተማረ ፋርማሲስት አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት ዲግሪውን ማስመርመር፣ የአቻነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ የልምምድ ሰዓታት መሙላት፣ ከዚያም የፈቃድ ፈተና መውሰድ አለበት፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም እያንዳንዱ ግዛት ለየብቻው ነው። እሱ ሦስት ዓመት ሲል የሚቆጥረው የዜግነቱን ዘመን ነው። አንቺ በዚያው ሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱን ከመደርደሪያው ጀርባ በረዳትነት ቆመሽ እንደምታሳልፊ ትቆጥሪያለሽ።

አሁን ሁለቱን ሐሳቦች በእውነታው እንያቸው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ከሕግ ባለሙያ ጋር ታያላችሁ። የባለቤትሽ ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ነው። የአሜሪካዊ ሚስት ቋሚ ነዋሪ ሆና ከባሏ ጋር ሦስት ዓመት ከኖረችና ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በአካል አገሩ ውስጥ ከነበረች ዜግነት መጠየቅ ትችላለች። ችግሩ መሐል ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ጥሩ ሥራ ከውጭ ቢመጣለትና ተያይዛችሁ ብትወጡ፣ በአንድ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ መቅረት ቆጠራውን አደጋ ላይ ይጥለዋል፣ አንድ ዓመት ከሞላ ደግሞ ያቋርጠዋል። ቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ቢቻልም እሱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነዋሪነትሽን ይጠብቅልሻል እንጂ የዜግነቱን ቆጠራ አያድንም። ግሪን ካርድ እዚያ ለሚኖር ሰው የተሰጠ ወረቀት ስለሆነ እንደ ስኮርታ ጎማ ከኋላ ጭነሽው አትዞሪም። ስለዚህ በግማሽ ልብ የሚጀመር ከሆነ ዓመታቱም ዜግነቱም አብረው ይሄዳሉ።

የአንቺም መንገድ ቀዳዳ አለው። የጉብኝት ቪዛ የሚሰጠው እንደሚመለስ ላሳመነ ሰው ነው፤ ባሏ አሜሪካዊ የሆነች ሴት ይህን ማሳመን ይከብዳታል። ቢሳካ እንኳን የሽርሽር ጊዜን ነው የሚያገለግለው። አማትሽ በሌሊት ወድቀው ሆስፒታል ቢገቡ ባለቤትሽ በማግስቱ ይበራል፤ አንቺ ግን ያኔ ቪዛው በእጅሽ ከሌለ ቀጠሮ ስትጠብቂ ልትቀሪ ትችያለሽ። እሱ ይህን ትዕይንት በጭንቅላቱ ውስጥ ደጋግሞ አይቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሁለታችሁም ያላነሳችሁት መንገድ ደግሞ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ፣ የውጭ ንግድ የሚያካሂድ የአሜሪካ ኩባንያ ባልደረባ ወይም አሜሪካ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ውጭ የተመደበ ዜጋ ሚስት፣ ግሪን ካርድ ከያዘች በኋላ ሦስቱን ዓመት ሳትጠብቅ ዜግነት መጠየቅ ትችላለች፤ ውጭ አብራው ልትኖር፣ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ወደ አሜሪካ ልትመለስ እንዳሰበች ማሳየት ይኖርባታል። ባለቤትሽ ሥራ እያዘዋወረው ሦስት ቤት ያስቀየረሽ ሰው ነውና ቀጣሪው በዚህ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ማጣራቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የዜግነት መሐላ ከመፈጸምሽ በፊት ግን የትውልድ አገርሽ ሕግ ጥምር ዜግነትን እንዴት እንደሚያይ እወቂ።

ጥድፊያውንም ልቀንስላችሁ። ለአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ቪዛ ዓመታዊ ኮታ ስለሌለው ዛሬ ባታመለክቱ ተራ አያልፋችሁም። እንዲያውም አሜሪካ ስትገቢ ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጥሽ ካርድ ቅድመ ሁኔታ ያለበት፣ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነው። ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሁለታችሁ አብራችሁ ማመልከት አለባችሁ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ብትገቢ ግን ካርዱ የአሥር ዓመት ነው። እናንተ 14ኛው ወር ላይ ናችሁ። የሁለት ዓመቱ ካርድ ቢደርስሽ እንኳን፣ ትዳሩ ቢፈርስ ብቻሽን የምታመለክቺበት መንገድ ሕጉ አስቀምጧል፤ ወረቀቴ በእሱ እጅ ነው ብለሽ መኖር የለብሽም። (ገና ላልተጋባችሁ አንባቢዎች፦ በእጮኛ ቪዛ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ተጋብቶ የነዋሪነት ማመልከቻው እስኪታይ ያለ ልዩ ፈቃድ መውጣት አይችልም። ከአገር አገር መዘዋወር ለምታስቡ ተጋብቶ መግባቱ ይሻላል ባይ ነኝ።)

አንድ ምሽት ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ተቀመጡ። ጀማሪዋ አንቺ ሁኚ፤ ሦስቱን አድራሻዎች አንድ በአንድ ንገሪው። በወቀሳ ሳይሆን እያንዳንዱን ቤት ለቀሽ ስትወጪ ምን እንደተውሽ፣ የትኛው ሥራ፣ የትኛው ጓደኛ እንደቀረብሽ ንገሪው። ከዚያ ይህን ጠይቂው፦ «እናትህ አጠገባቸው ሌላ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ይህን ቅጽ ዘንድሮ እንሞላው ነበር?» መልሱን ቶሎ ካልሰጠሽ አታጣድፊው። ዝም ማለቱም አንድ ነገር ይነግርሻል።

«እናቴን መጠጋት እፈልጋለሁ» ካለሽ ክርክሩ ተለወጠ ማለት ነው። ያኔ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ወደ ቀን መቁጠሪያ አውርዱት፦ የምትገቡበት ወር፣ የምትወጡበት ዓመት፣ ያ ዓመት ሲደርስ አማትሽ ታምመው ቢሆን ማን ምን እንደሚወስን፣ የፈተናሽ ወጪ ከማን ኪስ እንደሚወጣ። የዝርዝሩን የመጨረሻ ነጥብ ሳትጽፉ ቅጹን አትንኩት። እሱ «እናቴ ጉዳይ አይደለችም» ብሎ ከጸና ደግሞ፣ የአሠሪውን ነገር እስክታጣሩና ሁለተኛው የጋብቻ ዓመታችሁ እስኪቃረብ መቆየት የሚጎዳው ሰው የለም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አልተናገረም። 78 ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውና ምራታቸው መጥተው አብረዋቸው እንዲኖሩ ይፈልጉ እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ስልኩን ሁለታችሁም ባላችሁበት ደውሉና ጠይቋቸው።