ግፊቱ የወረደን ታካሚ በምን እናስተኛው?

ለከባድ ታካሚዎች ስለሚሰጡ የማስተኛ መድኃኒቶች ብዙ ጠይቃችኋል። በቀጥታ ልግባ።

ጥያቄ፦ ብዙ ደም ፈሶት፣ ግፊቱ 80/50 ሆኖ ለኦፕሬሽን ለመጣ ሰው ፕሮፖፎል ነው ኬታሚን የሚሻለው?

መልስ፦ ኬታሚኑን አንሺ። ፕሮፖፎል የደም ሥሮችን ያሰፋል። ደም ላነሰው ሰው ደግሞ ይህ አደገኛ ነው። ኬታሚን ሰውነት የራሱን አድሬናሊን እንዲለቅ ስለሚገፋፋ ብዙውን ጊዜ ግፊቱን ይይዛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ለሰዓታት ሲደማ የቆየ ሰው ያንን ክምችት ጨርሶት ሊሆን ይችላል። ያኔ ኬታሚንም ልብን ያደክማል። ለጤነኛ ሰው በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ለዚህ ሰው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ስጪ። ደሙ መግባት ይጀምር፤ ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት አስቀድሞ በሲሪንጅ ተቀድቶ ይቀመጥ። እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ዝግጅት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፖፎል ብቻ ቢኖረንስ?

መልስ፦ መጠኑን በጣም ቀንሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ስጡ። ሾክ ውስጥ ያለ (ለአካሉ በቂ ደም የማይደርሰው) ሰው ደሙ በዝግታ ስለሚዞር መድኃኒቱ ዘግይቶ ይይዘዋል። "አልተኛም" ብላችሁ ቶሎ አትድገሙ፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላው የማስተኛ መድኃኒት፣ ኢቶሚዴት፣ ግፊት አያወርድም ይባላል። ታዲያ ለምን ይፈራል?

መልስ፦ ግፊቱን በደንብ መጠበቁ እውነት ነው። ነገር ግን አድሬናል ዕጢ ኮርቲዞል የተባለውን፣ ሰውነት ከባድ ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳውን ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳል፤ አንዴ ቢሰጥ እንኳ ውጤቱ ለሰዓታት ይቆያል። በ1983 ብሪታንያ ውስጥ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለማቋረጥ ሲሰጥ ሞት መጨመሩ ከተዘገበ በኋላ ያ አሰጣጥ ቀረ። በአንድ ጊዜ መጠኑ ላይ ግን ዛሬም ክርክር አለ። በ2022 የታተመው፣ ኢቶሚዴትን ከኬታሚን ጋር ያነጻጸረው የዳላስ (አሜሪካ) ጥናት 801 ታካሚዎች ነበሩት። በ7ኛው ቀን በሕይወት የነበሩት ኬታሚን ከወሰዱት 85.1፣ ኢቶሚዴት ከወሰዱት 77.3 በመቶ ናቸው። በ28ኛው ቀን ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። በዚህ ብቻ ኢቶሚዴትን አልጥለውም።

ጥያቄ፦ ኬታሚን ለማን ያሰጋል?

መልስ፦ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቩን (በልቡ ግራ በኩል ያለውን የደም በር) ላጠበበበት ሰው። ልቡ ሲፈጥን ደም የሚሞላበት ጊዜ ያጥረዋል፤ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ልብ ሳታዳምጡ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ልባቸውን ያማቸዋል። የትኛውን መድኃኒት ልጠይቅላቸው?

መልስ፦ ምርጫውን ለባለሙያው ይተዉለት። እርስዎ እናትዎ የሚወስዱትን ኪኒን በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ በራስዎ ግን አንዱንም አያስቁሙ። ደረጃ ሲወጡ ያደክማቸው እንደሆነ፣ በጀርባቸው ሲተኙ ያፍናቸው እንደሆነ ይንገሩ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ካስፈለገ መኖሩንም አስቀድመው ይጠይቁ።