አባቴ ዝም ያለበትን ታሪክ ላጥናው?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጎጃም ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ለዶክትሬት ጥናቴ የመረጥኩት ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ ፓዌ የሰፈሩ ሰዎች «አገሬ» የሚሉት የትኛውን እንደሆነ ነው። አባቴ ከሰፋሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ኋላ ቻግኒ ገብቶ ትዳር ይዞ ቀረ። በዕድሩ መዝገብ ላይ ስሙ ዛሬም «ወሎዬው» ከሚል ቅጽል ጋር ይነበባል። እርሱ ግን ስለ ሰፈራው ትንፍሽ አይልም። ባለፈው መቅረጫ ባወጣ «የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ» አለኝና ጥጃውን ሊያስር ተነሣ። ጥጃው ታስሮ ነበር።

አማካሪዬ ደግሞ «ለርዕሱ በጣም ቅርብ ነሽ፤ ገንዘብ የሚገኘው በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ በሚደረገው ስደት ላይ ነው፤ እርሱን ያዢ» ይሉኛል። ዕድሜ ልኬን ልኖርበት ያሰብኩትን ሙያ በተውሶ ርዕስ ልጀምረው?

ግራ የገባኝ፣ ከቻግኒ

ልጄ፣

አማካሪሽ ስለ ገንዘቡ አልተሳሳቱም፤ ለጋሽን የሚያስጨንቀው ባሕር የሚሻገረው ሰው ነው። ይሁንና አብዛኛው ፍልሰተኛ ሩቅ እንደማይሄድ ራቨንስታይን የተባለ አጥኚ ገና በ1885 እ.ኤ.አ. ጽፏል። የጎጃም ወጣትም ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው ያለ ፓስፖርት ነው። ርዕስሽን አትልቀቂ።

ቅርበትሽ አያሳስበኝም። ያሳሰበኝ በደብዳቤሽ ውስጥ ጉሙዞች አለመኖራቸው ነው! ሰፋሪው ሲደርስ ፓዌ ባዶ መሬት አልነበረም፤ ጉሙዞች ያርሱበት፣ ያድኑበት ነበር። ፓዌ ያለበት መተከል ያኔ የጎጃም ክፍል ነበር፤ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት ሰጥቷል፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ዘርዝሯል። ሰፋሪው በአንዱ ሕግ ባለመብት፣ በሌላው እንግዳ ነው። ጥናትሽ እዚያ መሐል ቢቆም ያምርበታል።

ስትጠይቂ «ማንነትዎ ምንድን ነው?» አትበዪ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው የስብሰባ መልስ ነው። የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ተዝካር የት እንደሚያወጡ፣ ልጃቸውን ለማን እንደዳሩ ጠይቂ። ከመተከል በቅርብ ዓመታት የተፈናቀለውን ግን በመጀመሪያው ዙር አትንኪው፤ ቁስሉ እርጥብ ነው። የማንንም ስምና ቀበሌ ከማስታወሻሽ ጋር በአንድ ደብተር አታስቀምጪ፤ በዚህ ርዕስ ጥንቃቄ ማጉደል ሰው ያስገድላል።

አባትሽን ተያቸው። ልጅ ስለሆንሽ ብቻ ምስክርሽ የመሆን ዕዳ የለባቸውም፤ ፓዌን የሚያወራሽ ሰፋሪ ሌላ ሞልቷል።

ደግሞ ጉሙዝኛ መማር ዛሬውኑ ጀምሪ፣ በማመልከቻሽም ላይ ጻፊው። ስለ ሜዲትራኒያን ከሚያመለክተው ሰልፍ የሚለይሽ እርሱ ነው።